ለሰርቲ ኦት ሲክስ ባሩድ አመራረጥ

ሰርቲ ኦት ሲክስ የሚባለውን የ.30-06 የጠመንጃ ጥይት ራሱ እየሞላ «ለ.30-06 ከሁሉ የሚሻለው ባሩድ የቱ ነው?» ለሚል ሰው ትክክለኛው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው፦ አረሩ ስንት ግሬይን ይመዝናል? ጠመንጃውስ ምንድነው? ይህ ቀለህ ከ110 ግሬይን ቀላል አረር እስከ 220 ግሬይን ከባድ አረር ድረስ ይሸከማል። ለአንዱ ጫፍ የተስማማ ባሩድ ለሌላው አይሆንም። በእጅ ተከፍቶ በሚዘጋ የአደን ጠመንጃ በጣም ጥሩ የሚሠራ ባሩድ ኤም ዋን በተባለው በራሱ የሚጎርስ የጦር ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ የኋሊት ዘንጉን ያጎብጣል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከሱቅ መደርደሪያ ሳይሆን ከጠመንጃውና ከአረሩ ነው።

አስቀድመን በቃላት እንግባባ። ቀለህ የምንለው የናሱን ዕቃ ነው፤ አረር የሚወረወረውን ክፍል፤ ጥይት ደግሞ ሁሉም ተገጣጥሞ ያለቀውን። ፕራይመር በቀለሁ ቂጥ ተቀምጦ መርፌው ሲመታው እሳት የሚሰጠው ትንሽ ቆብ ነው። ባሩድ የሚለው ቃላችን ድሮ ከከሰል፣ ከድኝና ከፖታሲየም ናይትሬት ይሠራ የነበረውን ጥቁር ባሩድም ዛሬ የምንጠቀምበትን ጭስ አልባውንም ይጠራል። እዚህ ጭስ አልባውን ብቻ ነው የምናነሣው፤ ጥቁር ባሩድም ሆነ ጥቁር ባሩድን የሚተኩት ምርቶች ለ.30-06 አይደሉም። ሁሉም መጠን የሚለካው በግሬይን ነው፦ 1 ግሬይን 0.0648 ግራም ያህላል፣ 7000 ግሬይን 1 ፓውንድ ይሞላል።

ጥይትን በቤት መሙላት የሚቻለው ሕግ በሚፈቅድበት አገር ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለራስ መተኮሻ ጥይት ለሚሞላ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለመሸጥ ሲባል መሙላት ግን የአምራች ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች የየራሳቸው ገደብ ስላላቸው የአካባቢያችሁን ሕግ አጣሩ። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያና ጥይት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቁጥጥር ሥር ስለሆነ እዚያ በቤት ውስጥ አይሞከርም።

ጥይቱ ራሱ

የአሜሪካ ጦር ይህን ጥይት የተቀበለው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው፤ በስሙ መጨረሻ ያለው 06 ዓመቱን ያመለክታል። ከእሱ በፊት በ1903 የመጣው ጥይት ባለ 220 ግሬይን አፍንጫ ድቡልቡል አረር ይተኩስ ነበር። የ1906ቱ ወደ 150 ግሬይን ሹል አረር ወርዶ ፍጥነቱን ወደ 2700 ጫማ በሰከንድ አሳደገው። 

ለሥራችን የሚያስፈልጉት ልኮች ጥቂት ናቸው። የቀለሁ ርዝመት ጣሪያ 2.494 ኢንች ሲሆን ሲቆረጥ ወደ 2.484 ይወርዳል። የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት ጣሪያ 3.340 ኢንች ነው። የአረሩ ውፍረት .308 ኢንች፣ በአሜሪካ ደረጃ የተፈቀደው የግፊት ጣሪያ 60,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች)፣ ፕራይመሩ ትልቁ የጠመንጃ ዓይነት ነው። ቀለሁ እስከ አፉ በውኃ ሲሞላ 68 ግሬይን ገደማ ይይዛል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለባሩድ ምርጫ ከሁሉም ይበልጣል። .30-06 መካከለኛ ሆድ ያለው ቀለህ ነው፤ በጣም ፈጣን ባሩድ ግማሹን ባዶ ይተወዋል፣ በጣም ዘገምተኛው ደግሞ እስከ አንገቱ ሞልቶም የሚጠበቀውን ፍጥነት አይሰጥም።

ፈጣንና ዘገምተኛ ባሩድ ማለት ምን ማለት ነው

ባሩድ በቀለሁ ውስጥ አይፈነዳም፤ ይነዳል። ሲነድ ጋዝ ይወጣል፣ ጋዙ አረሩን ይገፋል፣ አረሩ ወደፊት በሄደ ቁጥር ከኋላው ያለው ክፍተት ይሰፋል። ቀላል አረር ቶሎ ተነሥቶ ክፍተቱን ቶሎ ስለሚያሰፋ ጋዙም ቶሎ መምጣት አለበት። ከባድ አረር ግን ለመነሣት ይዘገያል። ፈጣን ባሩድ ከኋላው ከተቀመጠ አረሩ ገና ሳይንቀሳቀስ ጋዙ ይከመርና ግፊቱ ሽቅብ ይመታል። ለዚህ ነው አረር በከበደ ቁጥር ባሩዱ እየዘገየ መሄድ ያለበት።

የመንደድ ፍጥነቱን የሚወስኑት የፍሬው ቅርጽ፣ መጠንና በላዩ የተቀባው ማዘግያ ናቸው። እንደ ተቆራረጠ እርሳስ የሚመስለው የዘንግ ቅርጽ ባሩድ መካከሉ ቀዳዳ አለው፦ ከውጭ ሲነድ ይቀጥናል፣ ከውስጥ ሲነድ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ስለዚህ የሚነደው ገጽታ ብዙ ሳይለዋወጥ ይቆያል። ድቡልቡሉ ባሩድ ግን ሲነድ ገጽታው እያነሰ ስለሚሄድ ማዘግያ በብዛት ይቀባል። ይህ ልዩነት በኋላ ፕራይመር ስንመርጥ ይመለሳል።

የባሩድ ፋብሪካዎች ከፈጣን ወደ ዘገምተኛ የተደረደረ ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ሰንጠረዡ የሚጠቅመው የትኞቹን ባሩዶች አምራቾች በሚያሳትሙት የመሙያ መመሪያ ውስጥ መፈለግ እንዳለባችሁ ለማወቅ ብቻ ነው። ሁለት ባሩድ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ የአንዱን መጠን ለሌላው መስጠት ከባድ ስህተት ነው፤ ሰንጠረዡ ቅደም ተከተል እንጂ ርቀት አይነግርም፤ ቅደም ተከተሉም ከቀለህ ቀለህ ይለዋወጣል።

በአረሩ ክብደት መምረጥ

ከ110 እስከ 130 ግሬይን ላሉ ቀላል አረሮች አይኤምአር 3031፣ ኤች 4895 እና ቫርጌት የተባሉት ባሩዶች ይስማማሉ። በዚህ ክብደት .30-06ን የሚተኩስ ሰው ጥቂት ስለሆነ ወደ ዋናው እንለፍ።

ከ150 እስከ 168 ግሬይን ለዚህ ጥይት መሠረቱ ነው። እዚህ የሚጠሩት ስሞች አይኤምአር 4895፣ ኤች 4895፣ አይኤምአር 4064፣ ቫርጌት፣ ሪሎደር 15 እና የፊንላንዱ ቪታቮሪ ኤን 150 ናቸው። አይኤምአር 4895 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር በዚሁ ጥይት ውስጥ የሞላው ባሩድ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የተረፈውን የሆጅደን ባሩድ ድርጅት መሥራች ብሩስ ሆጅደን ገዝቶ ጥይት ለሚሞሉ ሰዎች በርካሽ ሲሸጥ የቤት ውስጥ ጥይት መሙላት በአሜሪካ ተስፋፋ። አይኤምአር 4064 በትክክለኛነቱ የሚወደድ ነው፤ ፍሬው ረዥም ስለሆነ ግን መስፈሪያ ውስጥ ይሰነቀራል። ሰፋሪው ትዕግሥት ካለውና እያንዳንዱን በሚዛን ከመዘነ ይህ እንከን አይሆንም። በእጅ ለሚዘጋ ጠመንጃ ብቻ ከሆነ 165 ግሬይን ላይ አይኤምአር 4350 እና ኤች 4350ም ጥሩ ይሄዳሉ።

180 ግሬይን ሲደረስ 4350 ይነግሣል። አይኤምአር 4350ም ሆነ ኤች 4350 ቀለሁን ሞልተው ሳይጨናነቁ ሙሉ ፍጥነት ይሰጣሉ። አንድ ባሩድ ብቻ ገዝቶ በእጅ በሚዘጋ ጠመንጃ ከ165 እስከ 200 ግሬይን መተኮስ ለሚፈልግ አዳኝ ምክራችን ይኸው 4350 ነው። ችግሩ ኤች 4350 6.5 ክሪድሞር የተባለውን ጥይት የሚተኩሱ ሰዎችም ተወዳጅ በመሆኑ ከመደርደሪያ ቶሎ ይጠፋል። በሌለ ጊዜ አይኤምአር 4831፣ ሪሎደር 22፣ ራምሾት ሀንተር ወይም ቪታቮሪ ኤን 160 ለየራሳቸው በታተመ መጠን መፈለግ ነው። ድቡልቡል ባሩድ የሚመርጥ ኤች 414ን ያያል፤ ዊንቸስተር 760 ተብሎ የተሸጠውም ያው ባሩድ ነው።

ለ200 እና ለ220 ግሬይን ኤች 4831፣ አይኤምአር 4831፣ ሪሎደር 22 ይመጣሉ። ኤች 4831 መጀመሪያ ለ20 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሠራ፣ ከጦርነቱ የተረፈ ባሩድ ነበር፤ ዛሬ በአውስትራሊያ ይመረታል። ፍሬው አጠር ብሎ የተቆረጠው ኤች 4831 ኤስሲ በመስፈሪያ ውስጥ ስለማይሰነቀር ከረዥሙ ይልቅ እሱን ግዙ።

ስንት ፍጥነት መጠበቅ ተገቢ ነው? የፋብሪካ ጥይት በ24 ኢንች ቱቦ 150 ግሬይኑን ወደ 2900፣ 165ቱን ወደ 2800፣ 180ውን ወደ 2700፣ 220ውን ወደ 2400 ጫማ በሰከንድ እንደሚልክ በተለምዶ ይመዘገባል። የእናንተ ጥይት ከዚህ ብዙ ቢበልጥ ጎበዝ ሆናችሁ አይደለም፤ ግፊታችሁ ከጣሪያው አልፏል ማለት ነው። ቱቦው ባጠረ ቁጥር በእያንዳንዱ ኢንች ከ20 እስከ 30 ጫማ በሰከንድ ገደማ ይቀንሳል። «ለአጭር ቱቦ ፈጣን ባሩድ» የሚለው ብሂል ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ በ24 ኢንች ከፍተኛውን ፍጥነት የሰጠው ባሩድ በ20 ኢንችም አብዛኛውን ጊዜ ይመራል። የሚጨምረው የአፈሙዙ ብልጭታና ጩኸት ነው።

ኤም ዋን ያለው ሰው

በ1951 እ.ኤ.አ. ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የታጠቀው ኤም ዋን ይህንኑ ጥይት ነበር የሚጎርሰው፤ ስሙ በአገራችን እስከ ዛሬ የሚታወቀውም ለዚህ ነው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ይህን ጠመንጃ ገዝቶ የሚተኩስ ሰው ባሩድ ሲመርጥ ከሌላው ይልቅ ጠባብ መንገድ አለው።

ኤም ዋን ጋዙን የሚወስደው ከቱቦው ጫፍ፣ ከአፈሙዙ አጠገብ ነው። ጋዙ ፒስተኑን ይገፋል፣ ረዥሙ የኋሊት ዘንግ ቦልቱን፣ ማለት የጠመንጃውን መዝጊያ፣ ይከፍታል። አረሩ ከጋዙ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ በቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት ዘንጉ እንዲመታ ከተቀመረው በላይ ከሆነ ዘንጉ ይጎብጣል። ዘገምተኛ ባሩድ ይህን ነው የሚያደርገው። ጥይቱ በሚቀመጥበት ማጉረሻ ውስጥ ያለው ግፊት ከ60,000 በታች ሆኖ፣ ፕራይመሩም ደህና መስሎ፣ ጫፉ ጋ ያለው ግፊት ግን ከልክ ያልፋል። በቀለሁ ላይ የግፊት ምልክት ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ ጉዳቱ የሚታየው ዘንጉ ላይ ነው።

ስለዚህ ለኤም ዋን ከአይኤምአር 4895፣ ከኤች 4895፣ ከአይኤምአር 4064 ወይም ከቫርጌት አትውጡ፤ አረሩም ከ150 እስከ 168 ግሬይን፣ ቢበዛ 175 ይሁን። 4350ና ከእሱ የዘገየ ሁሉ ለዚህ ጠመንጃ አይገባም። መጠኑን ከተራው የ.30-06 ገጽ አትውሰዱ፤ ሆርናዲን የመሳሰሉ የመመሪያ አሳታሚዎች ለኤም ዋን የተለየ ክፍል አላቸው፤ እዚያ ያለው ጣሪያ ዝቅ ያለ ነው። ሁለት ነገር ይጨመር። የኤም ዋን መርፌ ያለ ሞላ (ስፕሪንግ) ልቅ ስለሆነ ቦልቱ ሲዘጋ ፕራይመሩን በስሱ ይነካዋል፤ ፕራይመሩ ከቀለሁ ቂጥ ጋር እኩል ወይም ወደ ውስጥ ትንሽ ገባ ብሎ መቀመጥ አለበት፣ ወጣ ካለ ቦልቱ ሳይቆለፍ ሊተኩስ ይችላል። ሲሲአይ የተባለው አምራች እንደሚሠራው ቁጥር 34 ያለ ለወታደር ጠመንጃ ተብሎ የተሠራ ፕራይመር እዚህ ይመከራል።

አሮጌው 1903 ስፕሪንግፊልድ

የመለያ ቁጥሩ ከ800,000 በታች የሆነ የስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ 1903 ጠመንጃ፣ ወይም ከ285,507 በታች የሆነ የሮክ አይላንድ ፋብሪካ 1903 ካላችሁ ባሩድ አትምረጡለት። በዚያ ዘመን ብረቱ ሲቀጠቀጥ ሙቀቱ በዓይን ይገመት ስለነበር አንዳንዶቹ ከመጠን በላይ ተቃጥለው ተሰባሪ ሆነዋል። የትኛው እንደተቃጠለ በማየት አይለይም። «ባሩዱን ቀንሼ እተኩስበታለሁ» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ የተሰነጠቀ ቀለህ ወይም የተዘጋ ቱቦ ቢያጋጥም ያ ብረት ሸክሙን አይችልም። ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ቀለሁን የሚሞላ ባሩድ

ሁለት ባሩድ ለአንድ አረር በመመሪያው ውስጥ ተቀራራቢ ፍጥነት ከሰጡ ቀለሁን ይበልጥ የሚሞላውን ውሰዱ። ከ85 እስከ 100 በመቶ የሞላ ቀለህ ባሩዱ በውስጡ ወዲያና ወዲህ ስለማይል ከፕራይመሩ እሳት ጋር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ይገናኛል፤ ፍጥነቱም ከጥይት ጥይት ብዙ አይለያይም። ሌላው ጥቅም ከዚህ ይበልጣል። 180 ግሬይን አረር የሚነዳ የ4350 መጠን ስህተት ሆኖ ሁለት ጊዜ ቢሰፈር ከቀለሁ አፍ ይፈሳል፣ በዓይን ይታያል። ፈጣን የሽጉጥ ባሩድ ግን ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ገብቶ ከአንገቱ በታች ይደበቃል፤ እንዲህ ያለው ጥይት ጠመንጃን ይበትናል። ለጀማሪ ባሩድ ስንመርጥ ይህን አንድ ምክንያት ከትክክለኛነትም ከፍጥነትም እናስቀድመዋለን።

በመመሪያው ሰንጠረዥ ከመጠኑ ጎን የተጨመቀ መሆኑን የሚያመለክት ፊደል ካያችሁ አረሩ ሲገባ ባሩዱን ይጫነዋል ማለት ነው። ትንሽ መጨመቅ አይጎዳም። ብዙ ከሆነ ግን አረሩ አድሮ ተገፍቶ ይወጣና የጥይቱ ርዝመት ይለወጣል፤ ከአሥር ጥይት ሁለቱን በማግስቱ ለክታችሁ አረጋግጡ።

ስለ ቅርጹ፦ ድቡልቡል ባሩድ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ መስፈሪያው በየጊዜው እስከ 0.1 ግሬይን ድረስ ተመሳሳይ ይጥላል። የዘንግ ቅርጹ ሲሰነቀር አንዱ ቀለህ ጎድሎ ቀጣዩ ይተርፋል፤ በመስፈሪያው እጀታ ላይ የመቁረጥ ስሜት ከተሰማችሁ ያንን መልሳችሁ አፍስሱት። በሌላ በኩል ማዘግያው የበዛበት ድቡልቡል ባሩድ በብርድ ቶሎ ስለማይያያዝ አንዳንድ መመሪያዎች ጠንካራውን የማግነም ፕራይመር ያዝዙለታል። በመመሪያው የተጻፈውን ፕራይመር ተጠቀሙ፤ ሲሲአይ 200 የነበረውን በማግነሙ ሲሲአይ 250 ከቀየራችሁ ሥራውን ከመጀመሪያው መጠን እንደገና ጀምሩ።

የአየሩ ሙቀት የብዙ ሰው ጉድ የሚወጣበት ቦታ ነው። በጥር ሚኒሶታ ውስጥ ጣሪያው ድረስ የተሠራ ጥይት በነሐሴ ቴክሳስ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ቆይቶ ሲተኮስ ያው ጥይት አይደለም። ሙቀት ባሩዱን ያፋጥነዋል፣ ግፊቱን ያንራል። ለሙቀት ብዙም የማይሸነፉት የሆጅደን ኤክስትሪም መስመር ባሩዶች ናቸው፦ ኤች 4895፣ ቫርጌት፣ ኤች 4350 እና ኤች 4831 ሁሉም ከዚያው ከአውስትራሊያ ይመጣሉ። ሁለት የአየር ጠባይ ውስጥ የሚያድን ሰው ከእነዚህ አንዱን ቢይዝ ይሻላል። ሌላ ባሩድ የያዘ ደግሞ መጠኑን በበጋ ሙቀት ይፈትን።

ስማቸው የሚያሳስታቸው

ኤች 4831 እና አይኤምአር 4831 አንድ ባሩድ አይደሉም። አይኤምአሩ ይፈጥናል፤ ለኤች 4831 የተጻፈ ጣሪያ በአይኤምአር 4831 ከተሞላ ግፊቱ ያልፋል። ኤች 4350ና አይኤምአር 4350፣ ኤች 4895ና አይኤምአር 4895ም እንዲሁ ለየብቻ ናቸው፤ ሁሉም ዛሬ በአንድ ድርጅት ይሸጡ እንጂ የየራሳቸው ገጽ አላቸው። 4198 የተባለው ደግሞ ከ4895 እጅግ የፈጠነ ነው፤ በደከመ ዓይን የሚምታቱ ቁጥሮች ስለሆኑ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ አንድ የባሩድ ዕቃ ብቻ ይኑር፣ መስፈሪያው ላይም የባሩዱን ስም በወረቀት ለጥፉ። ስም ያልተጻፈበት ዕቃ፣ ከአሮጌ ጥይት የተራገፈ ባሩድ፣ «እንዲህ ይመስላል» ተብሎ የተገመተ ባሩድ ሁሉ አይሞላም። ሁለት ባሩድ ቢመሳሰሉም አይደባለቁም።

ከመመሪያ እስከ ዒላማ

መጀመሪያ አረሩን ግዙ፤ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ሥሪቱንም መዝግቡ። ሙሉ የመዳብ አረር እርሳስ ካለበት አረር ይረዝማል፣ በቀለሁ ውስጥ ቦታ ይሻማል፣ ስለዚህ መጠኑ የተለየ ነው። ከዚያ የአረሩን አምራች መመሪያና የባሩዱን አምራች መረጃ ጎን ለጎን ክፈቱ። በሁለቱም ውስጥ የሚገኙ፣ ቀለሁን የሚሞሉ ሁለት ወይም ሦስት ባሩዶችን ለዩ። አንዱ በሱቅ ቢጠፋ ሁለተኛው እንዲኖራችሁ ነው። ሁለቱ ምንጮች በጣሪያው ካልተስማሙ ዝቅተኛውን ያዙ፤ የተለያየ ቱቦ፣ ቀለህና ፕራይመር ስለተጠቀሙ እንጂ አንዱ ዋሽቶ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ፓውንድ ብቻ ግዙ። በ50 ግሬይን ሲሰፈር 140 ጥይት፣ በ56 ሲሰፈር 125 ጥይት ይወጣዋል፤ ባሩዱን ለመፈተን ይበቃል። ከተስማማ በኋላ 8 ፓውንዱን ግዙ፤ ጥቅሙ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ሁሉም አንድ የምርት ቁጥር መሆኑ ነው።

በመመሪያው ከተጻፈው መነሻ መጠን ጀምሩ። መነሻ ካልተሰጠ ጣሪያውን በ10 በመቶ ቀንሱ። በየደረጃው 0.5 ግሬይን ጨምሩ፣ ጣሪያው ሲቃረብ ወደ 0.3 ዝቅ በሉ፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ሦስት ጥይት ሙሉ። ሚዛኑን ክብደቱ በታወቀ መፈተኛ ፈትኑ፤ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ከሆነ ቀድሞ ይሙቅ፣ ስልክ ከአጠገቡ ይራቅ፣ የማራገቢያ ነፋስ አይድረስበት። የተሰፈሩትን ቀለሆች ቀዳዳ ባለው ጣውላ አቁማችሁ አረር ከማስገባታችሁ በፊት ሁሉንም በባትሪ መብራት ከላይ እዩ፤ የባሩዱ ከፍታ ከጎረቤቱ የተለየ ቀለህ ይፈስና እንደገና ይሰፈር።

ተኩሱ ላይ ክሮኖግራፍ (የአረር ፍጥነት መለኪያ) አይቅር። ከዝቅተኛው እየጀመራችሁ ወደ ላይ ውጡ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀለሁን አንሡና እዩት። ቦልቱን ማንሣት ከከበደ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ የማስወጫው ቀዳዳ የሚያብረቀርቅ ምልክት ከተወ፣ ፕራይመሩ ጠርዙን አጥቶ ከተደፈጠጠ፣ ወይም ፕራይመሩ ሲቀየር ቀዳዳው ልል ከሆነ አቁሙ። ቀሪዎቹን ከፍ ያሉ ጥይቶች አትተኩሱ፤ ቤት ወስዳችሁ ፍቱ። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች ዘግይተው ይመጣሉ። ፕራይመሩ ክብ መሆኑ ግፊቱ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ከእነሱ ቀድሞ የሚናገረው ክሮኖግራፉ ነው፦ ገና ጣሪያው ሳይደረስ መመሪያው ለጣሪያው የሰጠውን ፍጥነት ካያችሁ፣ እናንተ ጣሪያው ላይ ደርሳችኋል።

ደህናው ክልል ሲታወቅ ጥሩ ከመሰሉት ሁለት ደረጃዎች አሥር አሥር ሙሉና በ100 ያርድ ፈትኑ። በሦስት ጥይት የተገኘ ጠባብ ቡድን፣ ማለት በዒላማው ላይ ተቀራርበው የሚታዩ ቀዳዳዎች፣ ብዙ ጊዜ ዕድል ነው። መጠኑ በ0.3 ግሬይን ቢዛነፍም ቡድኑ የማይበተን ባሩድና መጠን ምረጡ፤ እንዲህ ያለው ነው የመስፈሪያን ስህተትም የአየር ለውጥንም የሚታገሠው።

ሲበላሽ የሚታየው

ፍጥነቱ ከጥይት ጥይት እጅግ ከተለያየ፣ ባሩዱም ሳይነድ በቱቦውና በቦልቱ ውስጥ ከቀረ፣ ባሩዱ ለአረሩ ዘግይቷል ወይም መጠኑ አንሷል። ወደ ፈጠን ያለ ባሩድ ተሻገሩ፤ ጣሪያውን አልፎ መጨመር ግን መፍትሔ አይደለም። ከመነሻው በታች መውረድም አደጋ ነው፤ ዘገምተኛ ባሩድ በትንሽ መጠን በሰፊ ቀለህ ውስጥ ሲተኛ ያልታሰበ የግፊት ንረት ያመጣባቸው አጋጣሚዎች ይታወቃሉ። ለስላሳ ርግጫ የሚፈልግ፣ ለምሳሌ ልጁን የሚያስተምር ሰው፣ ኤች 4895ን ይምረጥ፦ አምራቹ ራሱ ለዚያ አረር ከታተመው የኤች 4895 ጣሪያ እስከ 60 በመቶ ድረስ መውረድ ይፈቅዳል። ጣሪያው 50 ግሬይን ቢሆን 30 ማለት ነው። ይህ ፈቃድ ለሌላው ባሩድ አይዘረጋም፤ በዚያ መጠን ኤም ዋን በራሱ ማጉረሱን ሊያቆም ስለሚችል የሚስማማው በእጅ ለሚዘጋ ጠመንጃ ነው።

ቀለሁ ሲቀየር ሁሉም ይቀየራል። የጦር ቀለህ፣ ለምሳሌ የሌክ ሲቲ ምልክት ያለበት፣ ግድግዳው ሊወፍርና ውስጡ ሊጠብ ይችላል፤ በሲቪል ቀለህ ላይ ጣሪያ የነበረው መጠን እዚያ ሊያልፍ ይችላል። ከመነሻው እንደገና ውጡ። በጦር ቀለህ ላይ ፕራይመሩን እንዲይዝ የተጨፈለቀው የፕራይመር ቀዳዳ ጠርዝም አዲስ ፕራይመር ከመግባቱ በፊት ይስተካከል።

አዲስ የምርት ቁጥር ያለው ባሩድ ሲከፈት፣ ስሙ ያው ቢሆንም፣ ጣሪያ አጠገብ የነበረ መጠን በ5 በመቶ ወርዶ በክሮኖግራፍ ይፈተሽ። የምርት ቁጥሩን፣ የአረሩን ሥሪት፣ የቀለሁን ምልክት፣ ፕራይመሩን፣ የጥይቱን ርዝመት፣ የዕለቱን ሙቀትና ፍጥነቱን በደብተር ጻፉ፤ ከእያንዳንዱ የጥይት ሣጥን ጋርም አጭር ወረቀት ይኑር።

ባሩዱ በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ፣ ከሙቀት ምንጭና ከልጆች ርቆ ይቀመጥ። በአሜሪካ የእሳት ደህንነት ደንብ መሠረት እስከ 20 ፓውንድ በራሱ ዕቃ በመኖሪያ ቤት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ እስከ 50 ፓውንድ የግድግዳው ውፍረት ቢያንስ 1 ኢንች በሆነ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ብረት ካዝና ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ እሳት ቢነሣ ጋዙ መውጫ ያጣና ካዝናው ራሱ ቦምብ ይሆናል። ክዳኑን ስትከፍቱ የሚኮመጥጥ የአሲድ ሽታ ከመጣ፣ ወይም ቀይ ቡናማ ትቢያ ከታየ ባሩዱ ተበላሽቷል፤ ጥይት ውስጥ አይግባ፣ እንደ አምራቹ መመሪያ ይወገድ።